የግል ስንል የማን?

«የግል» የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። የግል ትምህርት ቤት፣ የግል ክሊኒክ፣ የግል ጋዜጣ እንላለን። አንዳንዴ በአድናቆት፣ አንዳንዴም በጥርጣሬ እናነሳዋለን። ነገር ግን «የግል» ብለን የጠራነው ነገር በእርግጥ በራሱ እግር የቆመ ነው ወይ ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ዛሬ ይህን ጥያቄ የማነሳው ጨርሶ ከማይጠበቅ ቦታ ተነስቼ ነው፤ ከእንግሊዝ የመኪና ውድድር ሜዳ።

አንባቢ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የመኪና ውድድር ተንታኝ የሆነው?» ሊል ይችላል። አይፈረድበትም። ስለ ሞተር ያለኝ እውቀት መኪናዬ ጠዋት አልነሳ ስትለኝ ኮፈኗን ከፍቶ ከመቆዝም እምብዛም አያልፍም። ዳሩ ግን የውድድሩ ወዳጆች የቡድኖቻቸውን ታሪክ የሚያወሩት እንደ ተረት ነው፤ ተረት መመርመር ደግሞ ለዓመታት እንጀራ የበላሁበት ሥራ ነው። ተማሪዎቼን አዘውትሬ እጠይቃቸው የነበረው አንድ ነገር ቢኖር «ይህ ታሪክ በዚህ መልኩ ሲነገር ምኑ ተደበቀ?» የሚል ነበር። ዛሬም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

የምመረምረው ታሪክ ቲም ዳይናሚክስ የሚባል የእንግሊዝ የግል የውድድር ቡድን ታሪክ ነው። ይህን ዓይነት ውድድር በቴሌቪዥን የሚከታተል የእህቴ ልጅ አለ። የቡድኑ ነገር ሲነሳ ዓይኑ ያበራል። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አባትና ልጅ ሆነው ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ያንበረከኩ ናቸው!» ይለኛል። ዳዊትና ጎልያድ መሆኑ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ብዙው ክፍልም እውነት ነው። ጣጣው ያለው የቀረው ክፍል ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሜዳውን እንወቀው። የብሪታንያ ቱሪንግ ካር ሻምፒዮና የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1987 ይሁን እንጂ ውድድሩ የተጀመረው በ1958 ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ እንደምናያቸው ጎማቸው የተራቆተ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ መኪኖች የሚወዳደሩበት አይደለም። እዚህ የሚሮጡት መልካቸው ጎረቤታችን ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሚያደርስበት መኪና ጋር የሚመሳሰል ነው። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ተመልካቹን የሚስበውም ይኸው መመሳሰል ነው፤ እሑድ ያሸነፈችውን መኪና ሰኞ ዕለት መሸጫው መስኮት ላይ ያያታል። ለዚህ ነው የመኪና ፋብሪካዎች ገንዘባቸውን እዚያ የሚያፈሱት። ሜዳው ላይ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቡድን አለ። አንደኛው ፋብሪካው ገንዘብ፣ ዕቃና መሐንዲስ የሚመድብለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ መኪናውን ከገበያ ወይም ከሌላ ቡድን ገዝቶ፣ ስፖንሰር ለምኖ፣ በራሱ ጋራዥ አስተካክሎ የሚመጣው ነው። የግል የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው።

የቲም ዳይናሚክስ አባት ስቲቭ ኒል ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዚያችው ትንሽዬ ሚኒ ኩፐር የተወዳደሩ አሽከርካሪ ነበሩ። ከመሪው ከተነሱ በኋላ የመኪና ቸርኬ ማምረት ሙያቸው ሆነ፤ ሪምስቶክ የሚባለው ድርጅት የእሳቸው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የውድድር ቡድኑ ሲቋቋም ልጃቸው ማት ኒል አሽከርካሪ ሆነ። የቡድኑ ስም የቸርኬም ስም ነበር። ልብ በሉ፤ ተረቱ «አባትና ልጅ» ይላል እንጂ ከአባትና ከልጁ ጀርባ ያለውን ፋብሪካ አያነሳም። ትንሹ ዳዊት ወንጭፍ ብቻ አልነበረም የያዘው፤ የወንጭፍ ድንጋይ የሚያመርት ድርጅትም ነበረው። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ ነፃነታቸው ባዶ ጀግንነት ሳይሆን በሥራ የተገኘ ጥሪት ነበር። ተረቱ ግን ጥሪትን አይወድም። ጀግናው ድሃ ካልሆነለት ጣዕሙ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ታዋቂው ምዕራፍ እንለፍ። በ1990ዎቹ ኒሳን፣ ፎርድ፣ ሬኖ፣ ቮልቮ፣ ሆንዳ፣ ቮክስሆል የመሳሰሉት ፋብሪካዎች ሜዳውን ገንዘብ በገንዘብ አደረጉት። አሽከርካሪውን ከፎርሙላ ዋን፣ መሐንዲሱን ከየትም ያመጡ ነበር። የግል ቡድኖች የራሳቸው ትንሽ ዋንጫ ተበጅቶላቸው ከኋላ ከኋላ ይከተሉ ነበር። በመጨረሻ አዘጋጆቹ አንድ ሽልማት አቀረቡ፦ ፋብሪካዎቹን ቀድሞ አጠቃላይ ውድድር ለሚያሸንፍ የመጀመሪያ የግል ተወዳዳሪ 250,000 ፓውንድ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው መሆኑ ነው። በኤፕሪል 1999 ዶኒንግተን ፓርክ ላይ ማት ኒል ፋብሪካው ቀድሞ በተወዳደረባት ኒሳን ፕሪሜራ አሸንፎ ሽልማቱን ወሰደ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲተርክልኝ አጨብጭቤ ነበር። ቆየት ብዬ ግን ሽልማቱን እንደ አንድ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ሽልማት የሚያቀርበው ለምንድን ነው? ይሆናል ብሎ ለሚጠብቀው ነገር ሩብ ሚሊዮን ፓውንድ ዋጋ አይሰጥም። የሽልማቱ መጠን የርቀቱ መለኪያ ነው። በግልና በፋብሪካ መካከል ያለው ገደል ምን ያህል እንደሰፋ ያመኑት ራሳቸው ባለሜዳዎቹ ናቸው፤ ያመኑትም በቼክ ነው። የጋዜጦቹ ርዕስ የሆነው ድሉ እንጂ ገደሉ አልነበረም። አንድ ምስኪን ልጅ ከሺዎች መካከል ተለይቶ ትልቅ የትምህርት ዕድል ሲያገኝ እናጨበጭባለን፤ ስለቀሩት ሺዎች ግን አንጠይቅም። ያልተለመደ ድል እንዲህ ነው፤ ያደነቅነው እየመሰለን የተለመደውን ሽንፈት እንረሳበታለን።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። በ1999 አጠቃላይ ሻምፒዮናውን የወሰደው ፈረንሳዊው ሎራን አይዬሎ ነው፤ በፋብሪካው ኒሳን። ኒሳን ይህን ድል እንዳገኘ ዓመቱ ሲያልቅ ሜዳውን ለቆ ሄደ። ሬኖና ቮልቮም ሄዱ። በ2000 የቀሩት ፋብሪካዎች ፎርድ፣ ሆንዳና ቮክስሆል ብቻ ነበሩ። በገንዘብ የደለበ ውድድር ገንዘቡ ሲሸሽ ከሳ። በ2001 ወጪ ለመቀነስ የታሰበ አዲስ ደንብ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በቮክስሆል ቁጥጥር ሥር አለፉ፤ ከ2001 እስከ 2004 አራቱንም ሻምፒዮናዎች ወስዷል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን። እዚህ የታየው ሌላ ነው፤ ዝሆኖቹ ሳይጣሉ፣ በቃን ብለው ሲሄዱም ሣሩ ይጎዳል። እነሱ የረገጡትን መሬት መልሶ ማልማት የቀሩት ሥራ ይሆናል።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1999ኙ ድል ይልቅ የ2005ቱ ይበልጥብኛል። ቲም ዳይናሚክስ ለ2005 የውድድር ዘመን ሆንዳ ኢንቴግራ የተባለችውን መኪና መረጠ። ያቺ ሞዴል እንግሊዝ አገር ውስጥ በሆንዳ በኩል በይፋ የማትሸጥ ነበረች። ፋብሪካው ለምን ብሎ ለማይሸጣት መኪና ማስታወቂያ ይከፍላል? ስለዚህ ቡድኑ ያለ ፋብሪካ ድጋፍ፣ በራሱ ጋራዥ፣ በራሱ ባለሙያዎች ከባዶ ተነስቶ ወደ ውድድር መኪና ቀየራት። ሃልፎርድስ የተባለው የመኪና ዕቃ መደብር ስፖንሰር ሆነ። ትረክስተን ላይ ዳን ኢቭስ የተባለው የቡድኑ ሁለተኛ አሽከርካሪ በአንድ ቀን ሦስቱንም ውድድሮች አሸነፈ። ማት ኒል ደግሞ የቮክስሆሉን ኢቫን ሙለርን በልጦ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2006 ደገመው፤ በዚህ ጊዜ የተሸነፈው የሲያት ፋብሪካ ቡድን አሽከርካሪ ጄሰን ፕላቶ ነበር።

የ1999ኙ ድል ሌሎች የሠሩትን መኪና በሚገባ መንዳት ነው። የ2005ቱ ግን እውቀትን በእጅ ማድረግ ነው። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ላስቀምጠው ከተባልኩ የመጀመሪያው ጥሩ ትርጉም ነው፤ ሁለተኛው ወጥ ሥራ። ተረቱ ሁለቱን አንድ ላይ አዳብሎ «አሸነፉ» ብሎ ያልፋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። በ2005 የአሽከርካሪዎቹ ዋንጫ ሆንዳ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሲሰጥ የፋብሪካዎቹ ዋንጫ የሄደው ለቮክስሆል ነው። በ2006ም እንዲሁ አሽከርካሪው የሆንዳ ሲሆን የፋብሪካዎቹ ዋንጫ የሲያት ሆነ። ለምን ቢባል የግል ቡድን ያስገባት መኪና በፋብሪካዎቹ መዝገብ ውስጥ ስለማትቆጠር ነው። አሸንፈሃል፤ ግን በመዝገቡ የለህም። ይህን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት ስለ መኪና ነው። አንባቢ ሌላ ነገር ትዝ ካለው ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ከዚያስ? በ2008 ማት ኒል የአባቱን ቡድን ትቶ ወደ ቮክስሆል ገባ፤ ደመወዙን ከፋብሪካ የሚያገኝ አሽከርካሪ ሆነ። በ2009 መጨረሻ ቮክስሆልም በተራው ከሜዳው ወጣ። በ2010 ማት ኒል ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ቤቱ ግን ቤት ብቻ አልነበረም። ቲም ዳይናሚክስ የሆንዳ ይፋዊ የፋብሪካ ቡድን ሆኖ ነበር። ትላንት በመዝገቡ የለህም የተባለው ዛሬ መዝገቡ ራሱ ሆነ። የፋብሪካዎቹን ዋንጫም በዚያው ዓመት ለሆንዳ አስገኘ። በ2011 ማት ኒል ሦስተኛ ሻምፒዮናውን አገኘ። ስኮትላንዳዊው ጎርደን ሼደን ደግሞ በ2012፣ በ2015 እና በ2016 ሻምፒዮን ሆነ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን አደመቀ፤ መካድ አይቻልም። በግልነት ዘመናቸው ሁለት ሻምፒዮና፣ በፋብሪካ ጥላ ሥር አራት። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው «ታዲያ ምን ያማርራል?» ቢል አልፈርድበትም። ሐያሲ ግን ከቁጥሩ ሥር ያለውን ማየት አለበት። በ2013 ያን የሆንዳ ቡድን አሸንፎ ሻምፒዮን የሆነው ማን መሰላችሁ? አንድሪው ጆርዳን፤ በአባቱ ማይክ ጆርዳን የግል ቡድን፣ ያውም በዚያችው በሆንዳ ሲቪክ። ሌላ አባትና ልጅ! ዳዊት አድጎ የጎልያድን ጥሩር ለብሶ ሲቆም ሌላ ዳዊት ከወንዝ ዳር ድንጋይ ይለቅም ነበር ማለት ነው። ስለ ቲም ዳይናሚክስ ትንሹ ትልቁን ጣለ እያለ የሚተርከው ተረት እዚህ ዓመት ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ያልፋል።

ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ፤ እሱም ደንቡ ነው። ከ2011 ጀምሮ ወጪን ለመቀነስ ተብሎ አዲስ የመኪና አሠራር ገባ። ካምቢዮውን፣ ፍሬኑን፣ ቸርኬውንና ሌላውንም ዋና ዋና ዕቃ ሁሉም ቡድን ከተወሰነ አቅራቢ አንድ ዓይነቱን እንዲገዛ ተደረገ። የራሱን ሞተር ማሠራት የማይችል ቡድን የአዘጋጆቹን ሞተር መከራየት ይችላል። ውጤቱ መልካም ነው፤ ሜዳው በግል ቡድኖች ሞላ፤ ውድድሩም ከሞት ተረፈ። ለብዙ ዓመታት ያሸነፈ መኪና ለሚቀጥለው ውድድር ተጨማሪ ክብደት ይጫንበት ስለነበር ማንም ብቻውን እንዲገን አልተፈቀደም። ይሁን እንጂ ይህ ደንብ ከሰጠው ሌላ የወሰደውም ነገር አለ። ኢንቴግራን ከባዶ የሠራ ጋራዥ ከሌላው ጋራዥ የሚለየው በእጁ ነበር። ሁሉም ከአንድ ሱቅ ሲገዛ የእጅ ዋጋ ይቀንሳል። ደካማውን የሚያነሳ ደንብ የብርቱውን የግል ቡድን ብርታትም ከፊሉን ይወስዳል። ይህ ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም፤ ብዙዎች እንዲቆሙ ጥቂቶች ዝቅ ማለታቸው ፍትሕ ሊሆን ይችላል። ዋጋ እንዳለው ግን ሊነገር ይገባዋል።

ወደ መጨረሻው እንምጣ። በ2019 ብራንድስ ሃች ላይ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ማለቂያ አካባቢ፣ የቡድኑ አሽከርካሪ ዳን ካሚሽ ሻምፒዮናው እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ፍሬኑ ከዳው። ዋንጫው ወደ ኮሊን ተርኪንግተን ሄደ። ከ2020 የውድድር ዘመን በኋላ ሆንዳ ድጋፉን አቆመ። ቲም ዳይናሚክስ በ2021 እና በ2022 በስፖንሰር ገንዘብ፣ እንደ ድሮው በግል ተወዳደረ። በ2023 ውድድሩ ሲጀመር ግን መስመር ላይ አልነበረም። የእህቴን ልጅ «ታዲያ እነዚያ ጀግኖችህ አሁን የት ናቸው?» ብዬ ብጠይቀው ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሌላ ታሪክ ነው» አለኝ። አይደለም፤ ያው ታሪክ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቀዶ የሚያስቀረው ተረቱ ነው።

«የፋብሪካ ገንዘብ የነካ ሁሉ ይጠፋል ልትል ነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። አልልም፤ ማስረጃው አይፈቅድልኝምና። እዚያው ሜዳ ላይ ዌስት ሰሪ ሬሲንግ የሚባል ሌላ የግል ቡድን አለ። በ1981 ያቋቋሙት ዲክ ቤኔትስ የተባሉ የኒውዚላንድ ሰው ናቸው። አይርተን ሴና በ1983 የብሪታንያን ፎርሙላ ስሪ ያሸነፈው በዚህ ቡድን መኪና ነው። በ1996 ወደ ቱሪንግ ካር መጥቶ መጀመሪያ ለፎርድ፣ ቀጥሎ ለሆንዳ፣ ከዚያ ለኤም ጂ ሠራ። የኤም ጂ የፋብሪካ ገንዘብ ሲቋረጥ በ2004 በዚያችው መኪና በግሉ ቀጠለ። ኤም ጂ ሮቨር ራሱ በ2005 ከሰረ፤ ቡድኑ ግን አልከሰረም። በ2007 ቢ ኤም ደብልዩ ይዞ መጣ። ኮሊን ተርኪንግተን በ2009፣ በ2014፣ በ2018 እና በ2019 ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ቡድን ነው፤ ጄክ ሂል ደግሞ በ2024።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ከፋብሪካ ጋር ሠርተዋል፤ ሁለቱም ተትተዋል። ዌስት ሰሪ ግን ገና ከጥንቱ መተውን ለምዶታል። ፎርድ ሄደ፤ ሆንዳ መጣ። ሆንዳ ሄደ፤ ኤም ጂ መጣ። ለእሱ ፋብሪካ እንግዳ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ እንግዳ ሲሄድ ቤቱ አይፈርስም። ቲም ዳይናሚክስ በአንጻሩ ለአሥራ አንድ የውድድር ዘመን ከአንድ ፋብሪካ ጋር በይፋ ኖረ። ከፋብሪካው ዘመን በፊትም ከኋላም የሚነዳው ሆንዳ ነበር። ታማኝነት ጥሩ ነው፤ ሰው ለሰው ሲሆን። ድርጅት ለድርጅት ሲሆን ግን ታማኝነቱ ከአንድ ወገን ብቻ ይሆንና ሌላው ወገን የሒሳብ መዝገቡን ዘግቶ ይሄዳል። ሆንዳ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መኪና መሸጥ እንጂ የኒልን ቤተሰብ መጦር ሥራው ስላልሆነ ነው።

እኔ የዚህን ቡድን ታሪክ የምጽፍ ሰው ብሆን የ1999ኙን ቼክ በአንድ አንቀጽ አልፈው ነበር። ሙሉ ምዕራፍ የምሰጠው ኢንቴግራ የተሠራችበትን ጊዜ ነው። ማን ምን እንደለካ፣ ማን የቱን ብረት እንደበየደ፣ ስንት ጊዜ እንደፈረሰና እንደተሠራ መጻፍ ነበረበት። የድል ታሪክ በቀላሉ ይጻፋል፤ ሰዓቱም ነጥቡም ተመዝግቦ ይገኛልና። የእውቀት ታሪክ ግን የሚቀመጠው በሠሩት ሰዎች እጅና ትዝታ ውስጥ ነው። እነሱ ሲበተኑ አብሮ ይበተናል። የስፖርት ጸሐፊዎች ዋንጫ ሲቆጥሩ ይህን ይዘነጉታል፤ እኛም በየሙያችን ሕንጻና ምረቃ ስንቆጥር የምንዘነጋው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ «የግል» የሚለውን ቃል በሚቀጥለው ጊዜ ስንሰማ ባለቤቱ ማን ነው ብለን ብቻ አንለፈው። ስም በውል ላይ ይጻፋል፤ ይፋቃልም። ይልቅ «ነገ ደጋፊው ቢሄድ ይህ ቤት ምን መሥራት ይችላል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ያለው በእጁ ውስጥ ከሆነ የግል ነው። መልሱ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ግን ዋንጫው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ቤቱ በውሰት የቆመ ነው።